ቡችላው አነሰብኝ ከማለትዎ በፊት፦ የሥራ ውሻን ዕድገት ስለመከታተልና ከአርቢው ስለሚጠበቀው ኃላፊነት

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው መንገድ ዳር ወዳለው ግቢያችን መከታ የተባለውን የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ካመጣሁ በኋላ፣ ደጃችንን የረገጠ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ የሚሰጠኝ አስተያየት አንድ ዓይነት ነበር። «ይሄ እውነት ጀርመን ነው? እንዴት ነው እንዲህ የቀጨጨው?» ይሉኛል። እኔም ቀን ቀን ስለ ዘሩ እየተከራከርኩ፣ ማታ ማታ ደግሞ በስልኬ ላይ የሌሎች ሰዎችን ቡችሎች ፎቶግራፍ እያየሁ ስብሰለሰል ሁለት ወር ያህል አለፈ። ኋላ እንደተረዳሁት የመከታ ትንሽነት ሦስት ምክንያቶች ነበሩት፤ ሁለቱ የአርቢው ጥፋቶች ሲሆኑ ሦስተኛው የራሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጥበቃ፣ ለማነፍነፍ ወይም ለእረኝነት የተዳቀለ ንጹሕ ዘር ቡችላ ገዝቶ በመጠኑ የሚጨነቅ ሰው ሲያማክረኝ የምነግረውን ሁሉ እዚህ ላይ በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ።

ትክክለኛው መጠን ስንት ነው?

በከተማችን ትልቅ ውሻ ማለት ጥሩ ውሻ ማለት ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ ብዙ ሰው ቡችላውን የሚያወዳድረው ከዘሩ መለኪያ ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ውሻ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተውና መቀመጫውን ቤልጅየም ያደረገው ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለእያንዳንዱ ዘር የተጻፈ መለኪያ አለው። በዚያ መለኪያ መሠረት አድጎ የጨረሰ ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ቁመቱ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ነው፤ ሴቷ ደግሞ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትርና ከ22 እስከ 32 ኪሎ ግራም ትሆናለች። ወንድ ሮትዋይለር ከ61 እስከ 68 ሴንቲ ሜትር ቆሞ ወደ 50 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ወንድ ቤልጅየም ማሊኖይ ግን በቁመት ከጀርመን ሼፐርድ ብዙም ሳያንስ ክብደቱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ማሊኖይ ገዝቶ «ከሲታ ሆነብኝ» የሚል ሰው፣ የያዘው ውሻ ልክ መሆን የሚገባውን የሆነ ውሻ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ መለኪያው ትንሽነትን ብቻ ሳይሆን ትልቅነትንም እንደ ጉድለት መቁጠሩ ነው። ከተወሰነው ቁመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የበለጠ ጀርመን ሼፐርድ፣ በዚያው ልክ እንዳነሰው ሁሉ፣ ከውድድር ይወጣል። የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1899 የዘሩን ማኅበር በጀርመን ሲመሠርት በሐሳቡ የነበረው ቀኑን ሙሉ በመንጋ ዙሪያ ሲሶመሶም የሚውል እረኛ ውሻ ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ክብደቱ መገጣጠሚያውን የማይጫነው አካል ያስፈልጋል። «የእኔ ውሾች ከሌላው ሁሉ ይገዝፋሉ» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ፣ ሳያውቀው ስለ ጉድለት ተጨማሪ ገንዘብ እየጠየቀ ነው።

ዕድገቱን በተመለከተ፣ ወንድ ጀርመን ሼፐርድ በሁለት ወሩ ከ7 እስከ 9፣ በሦስት ወሩ ከ10 እስከ 14፣ በአራት ወሩ ከ16 እስከ 18፣ በስድስት ወሩ ደግሞ ከ22 እስከ 26 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሴቷ ከዚህ ዝቅ ትላለች። ቁመቱን በአብዛኛው በዓመቱ ገደማ ይጨርሳል፤ ደረቱ የሚሰፋውና ጡንቻው የሚሞላው ግን እስከ ሁለትና ሦስት ዓመቱ ድረስ ነው። በዘጠኝና በአሥር ወር ላይ እግሩ ረዝሞ ጎኑ የሳሳ ውሻ ብዙ ጊዜ ምንም አልጎደለውም። እነዚህ ቁጥሮችም ግምት መስጫ እንጂ የማለፊያና የመውደቂያ ነጥብ አይደሉም፤ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ የሚናገረው ቡችላው በራሱ መስመር ሳይቋረጥ ወደ ላይ መውጣቱ ነው።

በዓይን ሳይሆን በሚዛንና በሜትር

መከታን ባመጣሁት ሳምንት ቤት ውስጥ ሚዛን ስላልነበረኝ፣ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ የሰው ሚዛን ከፊቱ ዘርግቶ ወደሚቀመጥ አንድ ልጅ ዘንድ አቅፌው ሄድኩ። ልጁ ቡችላውን አየት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ብቻውን አይቆምልንም፤ መጀመሪያ አቅፈውት ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን» አለኝ። አቅፌው ስወጣ መርፌው 75 ላይ ቆመ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ቡችላውን ተቀበለኝና ብቻዬን ስወጣ 71 ሆነ። ልጁ ጣቱን እንኳ ሳይቆጥር «አራት ኪሎ» አለ፤ እኔም የሁለት ሰው ሒሳብ ከፈልኩት። ሁለት ወር ሞልቶታል ተብዬ የገዛሁት ቡችላ አራት ኪሎ ብቻ መመዘኑ ያን ዕለት ሊያስደነግጠኝ ሲገባ፣ ቁጥሩን የማነጻጽርበት ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ዘዴው ግን ትክክል ነው፤ እርስዎም በዚሁ መንገድ መመዘን ይችላሉ። የሰው ሚዛን ግማሽ ኪሎ ያህል ሊስት ስለሚችል ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ ይልቁንም ጠዋት ቡችላው ሳይበላና ከተጸዳዳ በኋላ ይመዝኑት። እስከ አራት ወሩ በየሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስምንት ወሩ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ከሁለት እስከ አራት ወሩ ባለው ጊዜ ወንድ ጀርመን ሼፐርድ በሳምንት አንድ ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ በዚህ ዕድሜ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ምንም ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ቡችላ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቁመቱ የሚለካው ጭንቅላቱ ወይም ጆሮው ላይ አይደለም። አንገቱ ከጀርባው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የትከሻ አጥንቶቹ ከፍ ብለው የሚዳሰሱበትን ጫንቃውን ይፈልጉ። ከዚያም ውሻውን ለጥ ባለ የሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ጎኑን ወደ ግድግዳ አድርገው አራቱም እግሮቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ያድርጉ። የግቢ ድንጋይ ንጣፍ ወጣ ገባ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ በጫንቃው ላይ አግድም አስደግፈው ግድግዳውን እስኪነካ ይግፉት፤ በመጽሐፉ ሥር በእርሳስ ያስምሩና ከወለሉ እስከ ምልክቱ ያለውን በአናጢ ሜትር ይለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር በሰውነቱ ላይ ስለሚጠመዘዝ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያስረዝመዋል፤ ብዙዎቹ «70 ሴንቲ ሜትር ነው» የሚባሉ ውሾች በዚህ ሜትር የተለኩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሦስተኛው መለኪያ እጅዎ ነው። የግራ እጅዎን መዳፍ ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ በቀኝ ጣቶችዎ ቢዳስሱ፣ አጥንቶቹ በስስ ሥጋ ሥር ይሰሙዎታል፤ የጤነኛ ቡችላ ጎድንም ሲዳሰስ እንዲሁ ነው። ጎድኑ እንደ ተጨበጠ እጅ አንጓ ከጎረበጠ ቡችላው ከስቷል፤ እንደ መዳፍ ሥጋ ለስልሶ አጥንቱ ከጠፋ ደግሞ ወፍሯል። ጎድኑ ጎርብጦ ሆዱ ብቻ እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት የሆድ ትል ይጠርጥሩ።

ዕድሜው እውነት ነው?

መከታን ወደ ሐኪም የወሰድኩት «አራት ወር ሞላው» ባልኩበት ጊዜ ነበር፤ በገዛሁት በመጀመሪያው ሳምንት ልወስደው ይገባ ነበር። ሚዛኑ ዘጠኝ ኪሎ አለ። ከሚጠበቀው ቢያንስ በሰባት ኪሎ ማነሱ ነውና ልቤ ተሰበረ። ሐኪሟ ግን ሚዛኑን ትታ የቡችላውን ከንፈር ገልጣ ጥርሱን ስታይ ቆየችና፣ «ይኼ ቡችላ አራት ወር መሙላቱን ማን ነገረዎት?» አለችኝ።

ሥራዋን በቅርብ ስላየሁት ላስረዳ። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ በስምንት ሳምንቱ ገደማ ሁሉም ወጥተው ያልቃሉ፣ እንደ መርፌም የሾሉ ናቸው። በአራት ወሩ ገደማ ትንንሾቹ የፊት ጥርሶች መውለቅ ይጀምሩና በቦታቸው ሰፋ ያሉ፣ ጫፋቸው የተከፋፈለ ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ክራንቻዎቹና የኋላዎቹ ተከትለው በሰባት ወሩ 42ቱም ቋሚ ጥርሶች ይሟላሉ። የመከታ የፊት ጥርሶች ግን አንዳቸውም አልተነቃነቁም ነበር። የመጀመሪያዋ የወለቀችው ከዚያ ቀን በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። በኋላ ሻጩ ራሱ እንዳመነው፣ ቡችላውን የወሰድኩት በሁለት ወሩ ሳይሆን በአምስት ሳምንቱ ነበር። ዕድሜው ሲታረም ከሰባት ኪሎ ጉድለት ውስጥ ከግማሹ የሚበልጠው ተነነ፤ የቀረው ሁለት ሦስት ኪሎ ያህል ነበር፤ መታከም የነበረበትም እርሱ ነው።

ስለዚህ ቡችላ ሲረከቡ አፉን ይክፈቱ። የኋላ ጥርሶቹ ገና ድዱን እየበሱ ከሆነ «ሁለት ወሩ ነው» የሚለውን ቃል አይቀበሉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ የሚያጣው ወተቱን ብቻ አይደለም፤ ጥርሱን እስከምን ድረስ ማጥበቅ እንዳለበት የሚማረው ከእናቱና አብረውት ከተወለዱት ጋር ሲጫወት ስለሆነ፣ ወደፊት ለሥራ የሚፈለግ ውሻ ያን ትምህርት ሳያገኝ ይቀራል። የተሳሳተ ዕድሜ የክትባቱን መርሐ ግብርም ያዛባል። ፓርቮን የመሰሉ ገዳይ በሽታዎች መከላከያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ተጀምሮ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት የሚደገመው፣ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ቀደም ብሎ የተሰጠውን ክትባት ስለሚያከሽፈው ነው። አራት ወር ሞላው ተብሎ ክትባቱ የሚያበቃለት የሦስት ወር ቡችላ እንደተከተበ እየታሰበ ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ትልና ቀለብ

የወስፋት ትል ከእናት ወደ ቡችላ ገና በማህፀን ሳለ፣ ኋላም በወተት ይተላለፋል፤ መንጠቆ ትል የሚባለውም በወተት ይመጣል። ንጹሕ ግቢ ውስጥ መወለዱ ከዚህ አያድነውም። ለዚህም ነው የትል መድኃኒት በሁለት፣ በአራት፣ በስድስትና በስምንት ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ መሰጠት ያለበት። የመጀመሪያዎቹ አራት መጠኖች ቡችላው በአርቢው እጅ ሳለ የሚሰጡ ስለሆኑ ኃላፊነታቸው የአርቢው ብቻ ነው። መከታ አንዱንም አላገኘም ነበር። ሐኪሟ ድዱ መገርጣቱን አሳይታኝ መድኃኒት በሰጠችው በማግሥቱ ያየሁትን የትል ብዛት አልረሳውም።

የድዱ መገርጣት ግን የትሉ ሥራ ብቻ ስላልነበረ፣ የእኔ ጥፋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቡችላውን ያመጣሁት በጥር መጨረሻ ሲሆን ወዲያው ሁዳዴ ገባ። ሳንባና ጨጓራ የምገዛበት ሥጋ ቤት ተዘጋ፤ በቤታችንም ሥጋ አይበስልም። እኛ የምንበላውን የሽሮ ፍርፍር ለሳምንታት አበላሁት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም ቢደርቁም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያፈርሱ አላውቅም ነበር፤ ወጥ ያለ ሽንኩርት ደግሞ በእኛ ቤት የለም። እባክዎ ወጥ፣ ሽሮና ፍርፍር ለቡችላ አይስጡ። በጾም ወቅት እንቁላል፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት ወይም ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ አስቀድመው ይዘጋጁ፤ ከአንዱ ቀለብ ወደ ሌላው ሲያዛውሩም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀላቅለው ያድርጉት። የሚጠቀሙት ደረቅ ምግብ ከሆነ ለትላልቅ ዘር ቡችሎች የተዘጋጀውን ይምረጡ።

ሌላው በሰፊው የተለመደ ስሕተት ሥጋ ብቻ ማብላት ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ሲሆን፣ የሚያድግ ቡችላ የሚፈልገው ግን ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በትንሹ የበለጠበትን ቀለብ ነው። ንጹሕ ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ እየመዘዘ እግሩ ይጎብጣል፤ አንዳንዴም ሳይመታ ይሰበራል። በተቃራኒው «አጥንቱ ይጠንክር» ተብሎ የካልሲየም ዱቄት በላይ በላዩ የሚሰጠው የትልቅ ዘር ቡችላም ይጎዳል፤ ትናንሽ ቡችሎች ከአንጀታቸው የሚገባውን ካልሲየም በሚገባ መመጠን ስለማይችሉ ትርፉ የአጥንቱን አስተዳደግ ያበላሸዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም ስላለው ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ አብስለው የሚያበሉ ከሆነ የሚሰጡትን ሁሉ በግራም ጽፈው ለሐኪም ያሳዩና መጠኑን ያስወስኑ። ሳንባና ጉበት ያለ ማብሰል አይስጡ፤ በእነርሱ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት በውሻው አንጀት ውስጥ ወደ ጥቃቅን የኮሶ ትል ተለውጦ፣ ከውሻው ወደ ቤተሰብ ሊተላለፍ የሚችል ብርቱ በሽታ ያመጣል።

ያነሰውን ለማካካስ ብሎ ማጨቅም መፍትሔ አይደለም። የማደግ አቅሙ የተወሰነው በዘሩ ነው፤ ትርፍ ምግብ ቁመቱን ሳይሆን ፍጥነቱንና ስቡን ይጨምራል፣ ያልጠነከረውንም የዳሌ መገጣጠሚያ ይጫነዋል። በአሜሪካ 48 ላብራዶሮች ከቡችላነታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው በተከታተለ ጥናት፣ አብረዋቸው ከተወለዱት 25 በመቶ ያነሰ ቀለብ የተሰጣቸው ውሾች ሁለት ዓመት ለማይሞላ፣ ግን ለእርሱ ለተቃረበ ጊዜ ረዝመው ኖረዋል፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶና ቀልሎ ታይቷል። መከታም ከትሉ ነጽቶ በቀን አራት ጊዜ የተመጠነ ቀለብ መብላት ሲጀምር በሳምንት ከአንድ ኪሎ ትንሽ ከፍ እያለ ጨመረ፤ ከዚያ በላይ እንዲፋጠን አልሞከርንም።

ትንሽነቱ ከበሽታ ሲሆን

ከቀለብና ከትል በኋላም ቡችላው ካልጨመረ፣ ልብ ብለው ያዩትን ለሐኪም ይንገሩ። ወተትና ሾርባ ይዞ ጠጣር ምግብ በበላ ቁጥር የሚመልስ ቡችላ የጉሮሮ ቧንቧው ሰፍቶ ወይም በአንድ የደም ሥር ታንቆ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በጀርመን ሼፐርድ ዘር ይታያሉ። እጅግ እየበላ የሚከሳና ሰገራው ብዙ፣ የገረጣና ቅባታማ የሆነ ወጣት ውሻ የቆሽት ችግር ይጠረጠርበታል። የዘሩ ልዩ ጉድለት የሆነው ድንክነት ደግሞ በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ ሳይሟላ ሲቀር የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለው ቡችላ እስከ ሁለት ወሩ ገደማ ከሌሎቹ ሳይለይ ቆይቶ ከዚያ ዕድገቱ ይገታል፤ ለስላሳው የቡችላ ፀጉር አይለወጥም፣ ኋላም ይረግፋል፣ ፊቱም የቀበሮ ፊት ይመስላል። ከአዲስ አበባ ክሊኒኮች አቅም በላይ የሆነ ምርመራ ሲያስፈልግ፣ ሐኪምዎ ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሊመራዎት ይችላል።

አርቢው ምን ዕዳ አለበት?

ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው፣ ቡችላው ከመወለዱ በፊት የተወሰነውን ነገር ገዢው በቀለብም በሥልጠናም አይለውጠውም። የአርቢው ኃላፊነት የሚጀምረውም ቡችላው ሲሸጥ ሳይሆን ሁለቱን ውሾች ለማገናኘት ሲወስን ነው። በጀርመን የዘሩ ማኅበር ደንብ ወላጆቹ ለእርባታ ከመፈቀዳቸው በፊት ዳሌያቸውና ክርናቸው በራጅ ይታያል፤ የሥራ ፈተናም ያልፋሉ። ድንክነት የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጆች ሲሆን፣ ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ጉድለቱን ሊሸከሙ ይችላሉ፤ ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ ከአራት ቡችሎች በአማካይ አንዱ ድንክ ይሆናል። ተሸካሚነቱን የሚለይ የዘረ መል ምርመራ አለ። እዚህ ያለ አርቢ ይህን ሁሉ ማድረግ ባይችል እንኳ አባትን ከልጅ፣ ወንድምን ከእኅት አለማገናኘት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ሴት አለማስወለድ፣ ድንክ ወይም ዳሌው የተበላሸ ቡችላ ያወለዱትን ጥንዶች አለመድገም፣ የተወለዱበትን ቀን መጻፍ፣ የትል መድኃኒቱን በጊዜው መስጠትና ከስምንት ሳምንት በፊት አለመሸጥ ይችላል። ለእነዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ሲገዙ በመጀመሪያ እናቲቱን፣ ከቡችሎቿ ጋር ሆና፣ በዓይንዎ ለማየት ይጠይቁ። እኔን ያገናኘኝ ደላላ ስለነበር ርክክቡም የተፈጸመው መንገድ ላይ፣ ከመኪና ወንበር ላይ ነው። እናቱን ልያት ስለው ሻጩ «ወንድሜ፣ እሷ እንግዳ አትወድም፤ ትናከሳለች» አለኝና የአባቱን ፎቶግራፍ በስልኩ አሳየኝ። ለእንግዳ የማትታይ እናት ካለች ወይ ሁኔታዋ አያምርም፣ ወይ ጠባይዋ ለሥራ ውሻ አይሆንም፣ ወይም እናቱ አይደለችም፤ ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን ቀብድ አይክፈሉ። አባቱን ማየት ካልተቻለ ቁመቱን በሜትር የለካ ሰው ይፈልጉ። የተወለዱት ስንት እንደሆኑ፣ ስንቱ እንደሞቱ፣ የእያንዳንዳቸውን ክብደት አርቢው ጽፎ እንደያዘ ይጠይቁ። «40 ኪሎ ይገባልዎታል» ብሎ የሚምል አርቢ ይጠንቀቁ፤ ሐቀኛው የወላጆቹን መጠን ይነግርዎታል እንጂ ለቡችላው አይምልም።

ከዚያ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የተወለደበትን ቀን፣ የወላጆቹን ማንነት፣ የትል መድኃኒቱንና የክትባቱን ቀናት፣ የተከፈለውን ዋጋ፣ እንዲሁም በተወሰኑ ቀናት ውስጥ በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም ወይም የተፈጥሮ ጉድለት ቢገኝ ቡችላው ተመልሶ ገንዘቡ እንደሚመለስ ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚደነግግበት ክፍል ሻጩን የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢው ደግሞ የተረከበውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ሁለት ወር ሙሉ ከተብሰለሰሉ በኋላ መክሰስ ስለሚያስቸግር ያ የመጀመሪያ ሳምንት የሐኪም ምርመራ ለቡችላውም ለመብትዎም ያስፈልጋል።

አለመግባባት ሲፈጠር በስልክ ከመጯጯህ ይልቅ የክብደት ደብተርዎንና የሐኪሙን ማስረጃ ይዘው፣ ሁለታችሁንም የሚያውቅ አንድ ሰው ባለበት ይነጋገሩ። እኔ እንደዚያ ባደረግኩ ጊዜ ሻጩ መጀመሪያ «ምግቡን አሳንሰህበት ነው» አለኝ፤ በእርግጥ በከፊል እውነቱን ነበር፤ እኔም አልካድኩም። የጥርሱ ነገር ሲነሳ ግን ዝም አለ። ቆይቶ ሴቷ ዘጠኝ ወልዳ ወተቷ እንደነጠፈ፣ ሊያበላቸው እንደከበደው፣ ስለዚህም ቶሎ ቶሎ እንዳከፋፈላቸው ነገረን። እናቲቱን ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ዓመት ከጥቂት ወር የሆናት፣ ጎድኗ የሚቆጠር፣ ሰው ስታይ ጅራቷን የምትወዘውዝ ውሻ ነበረች። የሕክምናውን ወጪ ግማሽ ከፈለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ የጠየቅኩት ለሌሎቹ ስምንት ገዢዎች ደውሎ ትክክለኛውን የልደት ቀን እንዲነግራቸው ነበር፤ ክትባታቸው እንዲስተካከል የግድ ያስፈልግ ነበርና።

መከታ አሁን ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው፤ ቁመቱ 61 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 32 ኪሎ ሆኖ ከዘሩ መለኪያ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ዓመት እንደሞላው ዳሌውን በራጅ አስነሣሁት። እርስዎም ውሻዎ አድጎ ሲጨርስ ይህን ያድርጉ፤ ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ ቅጂውን ለአርቢው ይስጡ፤ እነዚያን ጥንዶች ዳግም ማገናኘት ተገቢ መሆን አለመሆኑን ሊያውቅ የሚችለው ከአደጉት ልጆቻቸው ነው። የመከታን ራጅ ለሻጩ ስሰጠው፣ ከሌሎቹ መካከል ቢያንስ የሦስቱ ውጤት ሳይታወቅ እናቲቱን ከዚያው ወንድ ጋር እንዳያገናኛት ነገርኩት። የሁለቱን ባለቤቶች አብረን ፈልገን አግኝተናል፤ አንደኛው ሰው ውሻውን በመጪው ወር ራጅ ሊያስነሣ ቀጠሮ ይዟል።